ፈሪ የምንለው ማንን ነው?

ሰው ሳይቸግረው ነፍሱን ለአደጋ ቢሰጥ ጀግና ነው ወይስ ሞኝ?

ይህ ጥያቄ የተነሣው በፍልስፍና ክፍል ውስጥ አይደለም። ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሑድ ማታ፣ ዶርማችን ውስጥ ነው የተነሣው። ስድስት ነበርን። አምስታችን አልጋ ላይ ተደርድረን ተቀምጠናል፤ ስድስተኛው ጓደኛችን ቀኝ ክንዱን በነጭ ሻሽ ከአንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ግድግዳውን ተደግፏል። ትከሻው ወልቆ ገና መመለሱ ነው። የመጣነውም ከአዋሽ ወንዝ ነበር።

መብራት እስኪጠፋ ተከራከርን፤ ከጠፋም በኋላ በጨለማ ቀጠልን። ግማሾቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው! ማን ግቡ ብሎን ገባን?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «እንዲህ ከሆነማ ሰው ከአልጋውም አይውረድ! ፈሪ ለእናቱ!» ብለን መለስን። ይህችን የመጨረሻዋን ተረት ስንናገር ግን ክንዱን ያንጠለጠለው ጓደኛችን ቀና ብሎ አየን። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኛም ዝም አልን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ዝምታ የወጣ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ እናስረዳ። የሄድነው በካያክ ቁልቁል አዋሽን ለመቅዘፍ ነበር። ካያክ ጠባብና ቀላል፣ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ወገቡ ድረስ የሚገባባት፣ ሁለት አፍ ባለው መቅዘፊያ ግራና ቀኝ የምትቀዘፍ ታንኳ ናት። አዋሽ፣ ሁላችንም በጂኦግራፊ እንደተማርነው፣ በጊንጪ አካባቢ ካለው ከፍተኛ ቦታ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። ሜዳው ላይ ሲሆን ጭቃማና ጸጥተኛ ነው። ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ግን ቋጥኝ ለቋጥኝ እየተጋጨ አረፋ ያወጣል፤ ቀዛፊዎች «ነጭ ውሃ» የሚሉት ይህንን ነው።

ቀዛፊዎች ነጭ ውሃን በስድስት ደረጃ ይመድቡታል። አንደኛው ደረጃ ሕፃን እንኳ ሊንሳፈፍበት የሚችል ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ስድስተኛው በሰው ችሎታ ዳርቻ ላይ ያለ፣ የዓለም ጎበዞች እንኳ ብዙውን ጊዜ አይተውት የሚመለሱት ነው። እኛ የወረድንበት በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው፣ መጠነኛ የሚባለው ነው። መጠነኛ ማለት ግን ቀልድ ማለት አይደለም። መጠነኛ ውሃ የተሳሳተን ሰው ብዙውን ጊዜ ይቀጣዋል እንጂ አይገድለውም፤ «ብዙውን ጊዜ» የምትለዋን ቃል ግን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ያሠለጠነን አንድ መምህራችን ናቸው። ውጭ አገር ሲማሩ የለመዱት ነገር ነው፤ እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የነበሩን ታንኳዎች አራት ብቻ ስለሆኑ በአንዱ ጋሼ ይመራሉ፣ በሦስቱ ሦስታችን እንቀዝፋለን፣ የቀረነው ሦስታችን ደግሞ ገመድ ይዘን በዳር በዳር በእግር እንከተላለን፤ ከዚያ ተራ እንለዋወጣለን። ይህን አንባቢ ያስታውስልን፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ወደ ውሃው ልንገባ ታንኳዎቹን ስናወርድ አንድ ሽማግሌ የከረዩ ከብት ጠባቂ ፍየሎቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ መጡ። ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚያውቀው አስተረጎመልን።

«ወዴት ልትሻገሩ ነው?» አሉ።

«አንሻገርም አባባ፣ ቁልቁል እንወርዳለን።»

«ታች ምን አላችሁ?»

«መኪናችን እዚያ ይጠብቀናል።»

«መኪና ካላችሁ ለምን በመኪናችሁ አትሄዱም?»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እዚህ ውሃ እኮ ሰው ወስዷል» አሉና ፍየሎቻቸውን ነድተው ሄዱ።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የመጀመሪያው ከባድ መልስ ከሽማግሌው አፍ የወጣ ነው። በአገራችን ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ ሞልቶ የሚቀረው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ገበያ የወጣች እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ፣ ጥጃ ሊያሻግር የገባ እረኛ፣ እነዚህ ሁሉ ወንዝ የሚገቡት ግድ ስለሆነባቸው ነው። ድልድይ ቢኖራቸው አይገቡም። ታዲያ እነሱ በግድ የሚጋፈጡትን ሞት እኛ ደስታ ፍለጋ የምንጠራው ምን ሆነን ነው? በሰው ችግር ላይ መጫወት አይሆንም ወይ?

ነገሩን ወደ ኋላ ብናየው ደግሞ ይብሳል። ካያክ ራሱ የጨዋታ ዕቃ ሆኖ አልተፈጠረም። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢንዊቶች በእንጨትና በአጥንት ማዕቀፍ ላይ የእንስሳ ቆዳ ወጥረው የሠሩት የአደን መሣሪያ ነው፤ በእርሱ ነው ልጆቻቸውን ያበሉት። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከበርች ዛፍ ቅርፊት የሚሠሩት ታንኳም እንደዚሁ የኑሮ ነበር። ሩቅ ሳንሄድ የጣናን ታንኳ እንይ። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ የሚሠራው ያ ታንኳ ዓሣ ያጠምዳል፣ እንጨት ያመላልሳል፣ ሰው ያሻግራል። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። የጣና ቀዛፊ በዚያ ላይ ሲቆም ድፍረቱን ለማሳየት አይደለም። ለእርሱ ውሃው መንገድ ነው።

መልሳችንን ግን እዚህ ላይ ለመስጠት አንቸኩል። ይልቅ ውሃው ውስጥ ያየነውን እንናገርና ወደ ሽማግሌው እንመለሳለን።

ነጭ ውሃ አስተማሪ ነው፤ ግን የሚያስተምረው እየተቃወመ ነው። በተፈጥሮ የሚመጣልህን ነገር ሁሉ «ተው!» ይልሃል። ለምሳሌ ያህል ታንኳህ በጎኗ ከቋጥኝ ጋር ስትላተም ሰውነትህ ከቋጥኙ ለመሸሽ ወደ ኋላ ይንጋደዳል። ይህ መጥፊያህ ነው፤ ውሃው ወዲያው ከላይኛው ጠርዝ ገብቶ ይገለብጥሃል። የሚያድንህ ወደ ፈራኸው ድንጋይ ዘንበል ብሎ ማቀፍ ነው። ሁለተኛ ምሳሌ፦ የተገለበጠ ሰው ታንኳውን ከነራሱ መልሶ ማቅናት ይችላል፤ ነገር ግን የሚያቀናው በወገቡ ነው፤ ራሱ ከውሃው የሚወጣው በመጨረሻ ነው። አየር የራበው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ማውጣት የሚፈልገው ራሱን ነው። ራሱን ያስቀደመ ተመልሶ ይገለበጣል። ሦስተኛ፦ ከታንኳ ወጥተህ ፈጣን ውሃ ከወሰደህ ለመቆም አትሞክር። እግርህ በድንጋዮች መካከል ከተሰነቀረ ውሃው በላይህ ያልፋል። በጀርባህ ተኝተህ እግርህን ወደ ታችኛው አቅጣጫ ዘርግተህ ትንሳፈፋለህ፤ ጉልበት እስኪደርስ ድረስ ኩራትህን ትተህ ትተኛለህ።

አንድ ልጨምር ብሎ ከመካከላችን ያለው የኢንጂነሪንግ ተማሪ ይህን ይላል፦ ከወንዙ ጋር እኩል የሚሄድ ታንኳ አይታዘዝም። እንድትታዘዝልህ ወይ ከውሃው ፈጥነህ መቅዘፍ፣ ወይ ወደ ኋላ እየቀዘፍህ ከውሃው መዘግየት አለብህ። እንደ ውሃው ብቻ የሚሄድ ግንድ ነው። ዓባይም ማደሪያ ሳይኖረው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ግንዱ ግን ስንት ቋጥኝ ቢያልፍ ጀግና ያለው ሰው የለም። ለምን? ስላልመረጠ!

ይህችን ስለ ግንድ የተናገርናትን ነገር ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የያዝናት።

አሁን ወደ ታሪኩ። ከቀትር በኋላ ወንዙ በሁለት ቋጥኞች መካከል ጠብቦ የሚወርድበት ስፍራ ደረስን። ጋሼ ሁላችንንም ዳር አስወጡንና ከላይ ሆነን ውሃውን እንድናነብ አደረጉን። በመካከል ለስላሳ ውሃ ወደ ታች ሾሎ ይታያል፤ መንገዱ እርሱ ነው። ከበታቹ በስተግራ ግን ውሃው ከድንጋይ ጫፍ ወድቆ ወደ ኋላው ይጠቀለላል። እንዲህ ያለው ጥቅል ውሃ የገባበትን ይዞ ያሽከረክራል፤ መውጫው ከላይ አይደለም፣ ከሥር ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ካሳዩን በኋላ ከጠዋት ጀምሮ ሲነግሩን የነበረውን ሕግ ደገሙልን፦ «እያንዳንዱ ለራሱ ይወስናል። በእግሩ የሚዞር ታንኳውን ተሸክሞ ይዞራል፤ ምክንያት አይጠየቅም።» ይህን ብለው ታንኳቸውን ይዘው ወረዱ፤ ከታች ባለው የተኛ ውሃ ላይም ሆነው ይጠብቁን ጀመር።

ተራው የሦስት ነበር። አንደኛው ጓደኛችን ውሃውን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ «ይቺን እንኳ በእግሬ ልዙራት» አለ።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ በየቀኑ ካፊቴሪያ ውስጥ የምንስቀው ዓይነት ነው። አንዳችን «ኧረ ተው! እንዲህ ከሆነ ምን አመጣህ?» አለ። ሌላችን ደግሞ «ተወው፣ ፈሪ ለእናቱ ነው» አለ። በቃ፤ የተባለው ይኸው ነው። ግማሽ ደቂቃም አልፈጀ። ጓደኛችን ፈገግ አለና ያስቀመጠውን መቅዘፊያ መልሶ አነሣ።

ሲወርድ እያየነው ነበር። እሱም እኛን ያይ ነበር። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ውሃውን ሳይሆን እኛን ያይ ነበር። ሾሉን ውሃ በሁለት ክንድ ያህል ሳተው፤ ታንኳው ወደ ግራ ሄደና ጥቅሉ ውስጥ ገባ። ጋሼ «ክርናችሁ ከደረታችሁ አይራቅ» እያሉ ያስተማሩንን ረስቶ መቅዘፊያውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ሊደገፍበት ሞከረ። ውሃው ክንዱን ወደ ኋላ መለሰው። ከዚያ ታንኳው ብቻ ታየን፤ ሆዷ ወደ ላይ። ከዚያ እሱ ብቻ ታየን። ከዚያ እሱም አልታየንም።

የመጀመሪያው ገመድ አልደረሰም። የተወረወረው የሳቀበት ሰው እጅ ስለተንቀጠቀጠ ነው። ሁለተኛው ደረሰ፤ በግራ እጁ ያዘው። ጋሼ ከታች ቀዝፈው መጥተው ደገፉትና ጐትተን አወጣነው። ትከሻው ከቦታው ወጥቷል። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሯችን ውስጥ አለ።

ማታ ጋሼ እንዴት እንደተገለበጠ አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማነው የሳቀው?» አሉ። ማንም አልመለሰም። «ሁላችሁም ናችሁ ማለት ነው» ብለው ተነሡ።

አሁን ደግሞ ከዚህ የከፋውን እንናገር። ዶርም ውስጥ፣ በጨለማ፣ ዝም ካልን በኋላ፣ ያን ቀን ከጓደኛችን ጋር ተራው ከነበረው ከሁለቱ አንዱ ተናገረ። «እኔም እኮ ልዞር አስቤ ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውም «እኔም» አለ። ከዳር ከቆምነው ከሦስታችንም አንዱ «ተራዬ ባለመሆኑ እግዜርን አመስግኜ ነበር» አለ። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ከሳቅነው አምስት ሰዎች ሦስቱ ያንኑ ፍርሃት ፈርተዋል። ጓደኛችን ቀድሞ ስለተናገረ ፈሪ ሆነ፤ እኛ ስለደበቅን ጎበዝ ሆንን። ከመካከላችን አንድ ሰው «እኔም በእግሬ ነኝ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር።

ታዲያ ደፋሩ ማን ነበር? እኛ ነን? ግንዱን አስታውሱ!

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁ አሉ። አፍላጦን «ላኬስ» በተባለው ንግግሩ ውስጥ ሶቅራጥስን ከሁለት የጦር አለቆች ጋር ያገናኛቸውና ድፍረት ምንድን ነው ብሎ ያነጋግራቸዋል። እዚያ ውስጥ ሶቅራጥስ አንድ የውሃ ምሳሌ ያነሣል፦ የመጥለቅ ችሎታ ያለው ሰውና ችሎታ የሌለው ሰው ሁለቱም ጕድጓድ ውሃ ውስጥ ቢገቡ፣ ይበልጥ ደፋሩ የትኛው ነው? በመጀመሪያ ሲያዩት ችሎታ የሌለው ይመስላል፤ አደጋው ለእሱ ይበልጣልና። ግን ያ ሰው ሞኝ ነው፤ ሞኝነት ደግሞ እንዴት ምግባር ይሆናል? ንግግሩ ትርጉም ሳያገኝ ነው የሚያበቃው። ሁለት ጄኔራሎችና አንድ ፈላስፋ ያልፈቱትን እኛ በአንድ ቡለቲን ላይ እንፈታዋለን አንልም። ነገር ግን ከምሳሌው የምንወስደው አለ፦ ውሃውን የማያውቅ ሰው ፍርሃት ማጣቱ ድፍረት አይደለም። ጓደኛችን ውሃውን ብዙ ጊዜ አይቶ «ልዙራት» ሲል ከሁላችን ይበልጥ አንብቦታል ማለት ነው። ፍርሃቱ ዕውቀት ነበር።

አሪስቶትልም በበኩሉ ድፍረትን በፈሪነትና በችኩልነት መካከል ያስቀምጠዋል፤ ድፍረት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮችንም ይዘረዝራል። ከእነዚህም አንዱ ሰው ነቀፋን ፈርቶ፣ ክብርን ሽቶ አደጋ ሲጋፈጥ ነው። አሪስቶትል ይህንን አይንቀውም፤ ለእውነተኛው ድፍረት ቅርብ ነው ይለዋል። እኛ ግን አንድ ነገር ልንጨምርበት እንወዳለን። ጓደኛችን ያን ጊዜ የነበሩት ሁለት ፍርሃቶች ናቸው፦ አንደኛው የውሃው፣ ሁለተኛው የእኛ። ከሁለቱ የበለጠውን ሸሸ። የሸሸውም ከእኛ ነው። ከውሃ ይልቅ የጓደኞቹን ሳቅ የፈራ ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ብናየው ደፈረ እንበል ወይስ ሸሸ?

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን፤ ከመካከላችን አንዱ ዛሬም አጥብቆ ይከራከርበታል። «ሰው ሳይገፋፋ ምን ያደርጋል? እኔ ዋና የተማርኩት ታላቅ ወንድሜ ገፍትሮኝ ነው። በእግዚቢሽን ግጥሜን ያነበብኩት እናንተ ጎትታችሁ ስላወጣችሁኝ ነው። ጓደኛ ካልገፋ ጓደኛነቱ ምኑ ላይ ነው?» ይላል። እውነት አለው። ብቻውን ሆኖ የጎበዘ ሰው ጥቂት ነው። ሁላችንም ከሠራናቸው መልካም ነገሮች መካከል በሰው ድምፅ ተደግፈን የሠራነው ይበዛል።

ግን ድምፅና ድምፅ ይለያያል። አማርኛችን ለዚህ ሁለት ቃል አለው። አንዱ «አይዞህ» ነው፤ ሌላው «ፈሪ» ነው። ሁለቱም ሰውን ወደ ፊት ይገፋሉ። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ታንኳው ሲገለበጥ ነው። «አይዞህ» ያለ ሰው ከታች ገመድ ይዞ ቆሟል፤ ውሃውን ከአንተ ጋር አይቷል፤ «አልችልም» ብትለውም «እሺ፣ ና ታንኳውን እንሸከም» ይልሃል። «ፈሪ» ያለህ ሰው ግን የሚቆመው ጥሩ በሚታይበት ስፍራ ላይ ነው። ብትወጣ ጨዋታው ነህ፣ ብትሰጥም ታሪኩ ነህ። አይዞህ የሚባለው ለሰውዬው ነው፤ ፈሪ የሚባለው ለተመልካቹ ነው። እኛ ያን ቀን በእጃችን ገመድ ይዘን በአፋችን «ፈሪ» አልን። የመጀመሪያው ገመድ ያልደረሰውም ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ዓባይን እንደ ምሳሌ እናንሣ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 የእንግሊዝ ጦር ሰዎች በጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት ዓባይን በጀልባ ወርደዋል። ያን ያህል መሣሪያና ሠራዊት ይዘው የመጡ ሰዎች አንድ ጓዳቸውን ያጡት ገባር ወንዝ ሲሻገሩ ነው፤ ውሃ ታላቅነቱን በስሙ አይናገርም። በ1972 ደግሞ ማይክ ጆንስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ከጓደኞቹ ጋር በካያክ ዓባይ ላይ ቀዘፈ። ያን ጊዜ ዕድሜው እንደ እኛ ነበር። በ1976 ከኤቨረስት ተራራ ሥር የሚነሣውን ዱድ ኮሲን በካያክ ወረደ። በ1978 ፓኪስታን ውስጥ ብራልዱ በተባለው ወንዝ ላይ ሞተ። የሞተው ችግር ላይ የወደቀ ጓደኛውን ሊረዳ ሲሄድ ነው።

ይህን ሰው ጀግና ነው ወይስ ሞኝ ብለን ብንጠይቅ ጥያቄያችን በሁለት ይከፈላል። መጀመሪያውኑ ለምን ወንዙ ውስጥ ገባ? ሳይቸግረው ነው። ለምን ወደ ጓደኛው ሄደ? ቸግሮት ነው፤ ጓደኛነት ችግር ነውና። አንድ ሰው በአንዲት ቀን፣ በአንድ ውሃ ላይ፣ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሰውን ከሩቅ ሆነን ጀግና ወይም ሞኝ ብለን ባንፈርጅስ? ይልቅ «ማንን እያየ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። ውሃውን እያየ ነበር? ጓደኛውን እያየ ነበር? ወይስ ተመልካቹን?

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ይወድቃል። በታንኳ የሚወርድ ሰው እዚያ ሲደርስ ታንኳውን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ይዞራል። በዚህ ጊዜ የሚስቅበት የለም። ለምን? ሞቱ ለሁሉም ስለሚታይ ነው። ሳቅ የሚመጣው መጠነኛው ውሃ ላይ ነው፤ አደጋው ለአንዱ ታይቶ ለሌላው በማይታይበት፣ «ይቺማ ምን አላት» በሚባልበት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እስከ ዛሬ እኛ ተረቱን የምናውቀው በሚስቀው ውሃ ብቻ ነበር፤ ከዳር ቆሞ የሚስቀውን ሰው አላሰብነውም።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። «ለምን በመኪናችሁ አትሄዱም?» ላሉን ዛሬ ብናገኛቸው ምን እንላለን? ደስታ ስለሚሰጠን ነው ብንል እውነት ነው፤ ግን ለእሳቸው በቂ አይደለም። ስፖርት ነው ብንልም ያው ነው። ምናልባት እንዲህ እንላቸው ይሆናል፦ «አባባ፣ እርስዎ ይህን ወንዝ መቼ እንደሚገቡበትና መቼ እንደሚመለሱ ያውቃሉ። ሞልቶ ሲያዩት ከዳር ቁጭ ብለው እስኪጎድል ይጠብቃሉ፤ ማንም አይስቅብዎትም። እኛ ያን አናውቅም። እኛ ከዳር ቁጭ ማለትን ማንም አላስተማረንም። ይህን ልንማር ነው የመጣን፤ የተማርነውም በጓደኛችን ትከሻ ነው።» ይህ መልስ ያስደስታቸዋል አንልም። ቢያንስ ግን ውሸት የለበትም። መጠነኛ ውሃ ጥቅም ካለው ጥቅሙ ይኸ ነው፤ ሰው «እምቢ» ማለትን፣ ጓደኞቹም «እሺ» ማለትን፣ በትከሻ ዋጋ እንጂ በነፍስ ዋጋ ሳይሆን የሚለማመዱበት ስፍራ ነው። ይህ ትምህርት ከሌለበት ግን ሽማግሌው እውነታቸውን ነው፤ በመኪና መሄድ ይሻላል።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ይህን ሁሉ የጻፍነው ካያክ እንድትገዙ አይደለም። በዚህ ግቢ ውስጥም ነጭ ውሃ አለ። አንዱ ቅዳሜ ማታ «ዛሬ አልጠጣም» ሲል ምን እንደምንለው እናውቃለን። አንዲት እኅታችን «ይህ ትምህርት አልሆነኝም፣ ልቀይር ነው» ስትል በየላውንጁ ምን እንደሚወራባት እናውቃለን። ሁላችንም እጃችንን ባነሣንበት ስብሰባ ላይ እጁን ያላነሣውን ምን ብለን እንደጠራነው እናውቃለን። ምናልባት ያ ሰው ፈርቶ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ከእኛ ይልቅ ውሃውን አንብቦት ይሆናል። ከዳር ሆነን የትኛው እንደሆነ አናውቅም። የማናውቀውን ነገር ስም አንስጠው። ጋሼ የሰጡን ሕግ አጭር ናት፦ እያንዳንዱ ለራሱ ይወስናል፣ የሚዞር ይዞራል፣ ምክንያት አይጠየቅም። እኛ ደግሞ አንድ ቃል ልንጨምርባት እንወዳለን፦ ታንኳውን ብቻውን አይሸከም።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ከመስጠታችን በፊት ለጓደኛችን አነበብንለት፤ ስለ እሱ ያለ እሱ ፈቃድ አንጽፍምና። ትከሻው ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ይሰማዋል። አንብበን ስንጨርስ «የመጀመሪያውን ገመድ የወረወረው ማን እንደሆነ አልጻፋችሁም» አለ። «ሁላችንም ነን» አልነው። ሳቀ። ከዚያ ለሚመጣው ጥቅምት እንሄድ እንደሆነ ጠየቀን። እንሄዳለን አልን።

«እኔም እመጣለሁ» አለ። «ያቺን ስፍራ ግን በእግሬ ነው የምዞራት።»

እስከ አሁን ድረስ አራት ሰዎች አብረውት ለመዞር ተመዝግበናል። አምስተኛው እወርዳለሁ ይላል፤ ውሃውን ግን ከእኛ ጋር ደግሞ ደጋግሞ ለማየት ቃል ገብቷል። ገመዱን ይዘን ከታች እንጠብቀዋለን።